ዮርዳኖስና ሁለቱ የወተት ጣሳዎች

ዮርዳኖስ የምትባል ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነው። አምስተኛ ክፍል ትማራለች። ቤታቸው ወገዳ ከተማ ነው፤ ከገበያው ከፍ ብሎ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚያወጣው መንገድ ዳር። አባቷ ለሥራ ብዙ ጊዜ መካነ ኢየሱስ ስለሚቀመጥ ቤቱን የምታስተዳድረው እናቷ እመቤት ናት።

ዮርዳኖስ መልካም ልጅ ናት። መዝሙር ታውቃለች። ሲልኳት እምቢ አትልም። በተለይ ሱቅ ከላኳትማ ትሮጣለች። ለምን መሰላችሁ? ምራቂ ስለምትወድ ነው።

ጨው ግዢ ትባላለች። ጨዉን ትቀበልና ቆማ ትቀራለች። «ምራቂስ?» ትላለች። ባለሱቁ አንድ ከረሜላ ይጨምርላታል። ደብተር ግዢ ትባላለች። «ምራቂስ?» ትላለች። ብስኩቱ ተሰባብሮ ይሁን፣ የደብተሩ ገጽ ጎድሎ ይሁን አታይም። ለእሷ ጥሩ ሱቅ ማለት ምራቂ የሚሰጥ ሱቅ ነው። የክፍሏ ልጆች ስሟን ትተው «ምራቂ መጣች! ምራቂ ሄደች!» ይሏታል።

ከእናንተም መሃል እንደሷ ያለ አይጠፋም። አትሳቁ። ወደ ጎንም አትተያዩ።

ጎረቤታቸው እትዬ አስካለ ትባላለች። በዚያ በጥር ወር መንታ ወልዳ ተኝታ ነበር፤ አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት። ገና ክርስትና አልተነሡም፤ ስምም የላቸው። ዮርዳኖስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጀመሪያ የምትገባው ወደ እነሱ ነው። ሴቷን ሚጢ፣ ወንዱን ሚጦ ትላቸዋለች። እጇን ታጥባ አንዳቸውን ትታቀፋለች። ሚጢን ክርስትና የምታነሣት ደግሞ የዮርዳኖስ እናት ናት። ስለዚህ ዮርዳኖስ ልጅቷን እንደ እኅቷ ነበር የምታያት። ግን የእናትየው ጡት ለሁለት አልበቃ ብሏል። የጤና ባለሙያዋ መጥታ «ወተት መጨመር አለባችሁ» ብላለች።

አንድ ሰኞ ቀን በትምህርት ቤት እንዲህ ሆነ። መምህርት ምሥራቅ አንድ ፌስታል ይዛ ገባች። ፌስታሉ ውስጥ ባዶ የብስኩት መጠቅለያ፣ ባዶ የዘይት ዕቃና ባዶ ጣሳ አለ። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው።

«ልጆች፣ ገዢ መብት አለው» አለች። «የሚገዛውን ዕቃ ማየት ይችላል። መጠየቅ ይችላል። የተበላሸ ከሆነ መመለስ ይችላል። ይህ ችሮታ አይደለም። መብቱ ነው።»

«መምህርት፣ ባለሱቁ ቢቆጣስ?» አለች ቤቲ፣ የዮርዳኖስ ጓደኛ።

«ይቆጣ። ቁጣ ሆድ አያሳምምም። የተበላሸ ምግብ ግን ያሳምማል።»

ከዚያ ጣሳውን አነሣች። ከሥሩ የታተመውን ቁጥር አሳየቻቸው። ይህ ዕቃው የሚያገለግልበት የመጨረሻ ቀን ነው አለች።

«2025 የሚል ብታዩ ምን ትላላችሁ?»

ክፍሉ ሁሉ ባንድ አፍ ጮኸ። «ገና ነው! እኛ 2018 ነን! ሰባት ዓመት ይቀረዋል!»

መምህርት ምሥራቅ ራሷን ነቀነቀች። «ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ይህ ቁጥር የኛ አቆጣጠር አይደለም። የፈረንጅ ነው። በኛ ጥር 2018 ሲሆን በነሱ 2026 ገብቷል። ስለዚህ 2025 የሚለው?»

«አልፎበታል!»

ዮርዳኖስም አብራ ጮኸች። በጣም ገርሟት ነበር። ከትምህርት ቤት እንደወጣች እስክሪብቶ መግዣዋን ይዛ በቀጥታ ወደ ጋሼ ተሻገር ሱቅ ሄደች። በከተማው እንደሱ ምራቂ የሚሰጥ አልነበረም።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መጣሽ ደግሞ! ዛሬ ምን ልትዘርፊኝ ነው?»

«እስክሪብቶ።»

እስክሪብቶውን እስኪያወጣላት ድረስ ብስኩቱን አንሥታ ገለበጠች። ሳሙናውን ገለበጠች። ዘይቱን ገለበጠች።

«ምን ታገላብጪዋለሽ? ዶሮ እየመዘንሽ ነው?» አለ ጋሼ ተሻገር እየሳቀ።

ብስኩቱ ደኅና ነው። ዘይቱም ደኅና ነው። ከጎኑ ግን ሁለት የሕፃን ወተት ጣሳዎች ነበሩ። አንዱን ገለበጠች። 2025 ይላል። ሁለተኛውንም ገለበጠች። እሱም ያው ነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ወተት አልፎበታል።»

«ምኑ አለፈበት? 2025 አይልም እንዴ! እኛ ስንት ላይ ነን? ይሄን ወተት የሚጠጣ ሕፃን አድጎ ትምህርት ቤት እስኪገባ ወተቱ ይቆያል!»

«በፈረንጅ ነው እኮ ጋሼ። በነሱ 2026 ገብቷል። መምህርት አስተምራናለች።»

ጋሼ ተሻገር ሳቁን አቆመ። ጣሳውን ተቀብሎ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃን ወጣና አየው።

ጋሼ ተሻገር ክፉ ሰው አይደለም። ወተቱን ከአንድ ነጋዴ ላይ ርካሽ ሆኖ አግኝቶ ነው የገዛው። ቁጥሩም በእውነት የኛ አቆጣጠር መስሎት ነበር። እስከዚህ ድረስ በደል የለበትም። በደሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ጣሳዎቹን ወደ መደርደሪያው መለሳቸው። በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ በቀስታ «ስሚኝ የኔ ልጅ» አላት። «ነገ አወርዳቸዋለሁ። ይሄ ወሬ ከወጣ ግን ዘይቱንም ሳሙናውንም የሚገዛኝ የለም። ለማንም እንዳትነግሪ።»

ይህን ብሎ ከተሰቀለው ላይ አንድ የፀጉር ማስያዣ አወረደ። ቢራቢሮ ይመስላል። ቀይ ፈርጥ አለው። ዮርዳኖስ ከጥምቀት በፊት ጀምሮ ስታየው የነበረ ነው።

«ይሄ ምራቂሽ ነው። ተስማማን?»

እስክሪብቶ ለገዛ ሰው እንዲህ ያለ ምራቂ ሰጥቶ አያውቅም። ዮርዳኖስ ይህን ታውቃለች። እጇ ግን ቀድሟት ተዘረጋ።

«እሺ» አለች።

ልጆቼ፣ «እሺ» ትንሽ ቃል ናት። ከአፍ ስትወጣ አትከብድም። ክብደቷ የሚታወቀው በኋላ ነው።

በማግስቱ በሱቁ በኩል አለፈች። ጣሳዎቹ አሉ።

«ጋሼ፣ ዛሬ አወርዳለሁ ብለው አልነበር?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው። ጧት አወርዳቸዋለሁ።»

ጧት አለፈች። አሉ። ከሰዓት በኋላ አለፈች። አሉ። መንገዷ ባይሆንም በዚያ በኩል ትዞራለች። ለመሄድ ትፈራለች፤ ላለመሄድ ደግሞ አያስችላትም። ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነው። መምህርት ምሥራቅ ስትጠራት ትደነግጣለች። ማስያዣውን ታደርገዋለች፤ ቆይታ ታወልቀዋለች፤ መልሳ ታደርገዋለች።

«ምን ሆነሽ ነው? ቁንጫ ገባብሽ?» አለቻት ቤቲ።

«ምንም አልሆንኩም!»

እትዬ አስካለ ቤት ስትገባ ሚጢን ትታቀፋለች። ልጅቷ ስታለቅስ ቶሎ ለእናቷ ትመልሳታለች። ማታ ማታ እናቷ አጠገብ ቆማ ስትጸልይ ቃሉ ይጠፋባታል። ለምን እንደሆነ ታውቃለች። ግን «ነገ ያወርዳቸዋል፤ ከወረዱ ምንም ችግር የለም» ትላለች። ሰው ዝም ለማለት ሲፈልግ ምክንያት አያጣም።

ቅዳሜ ደረሰ። የገበያ ቀን ነው። አውድማውን የጨረሰ ገበሬ ሁሉ ገብሱን፣ ስንዴውን፣ ምስሩን ጭኖ ወርዷል። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ዮርዳኖስ በሰው እግር መሃል ሾልካ ገባች። መደርደሪያውን አየች። ጣሳዎቹ የሉም!

«አወረዷቸው ጋሼ?»

ጋሼ ተሻገር ቀና ብሎ አላያትም። «አዎ አዎ፣ የሉም። ዞር በይ፣ ሰው ላስተናግድበት» አለ።

ዮርዳኖስ እየዘለለች ወደ ቤት ሄደች። እየዘመረች ገባች።

እናቷ አንድ ነገር በአዲስ ጨርቅ ትጠቀልል ነበር። ያ የወተት ጣሳ ነው።

«ይሄ… ይሄ የማነው እምዬ?»

«የአስካለ ነው። የክርስትና እናት ባዶ እጇን አራስ አትጠይቅም። ተሻገር ጋ ሁለት ቀርተው ነበር። አንዱን አንዲት የገጠር ሴት ከፊቴ አነሣች። ይቺን እኔ አገኘሁ። ዕድል አለኝ።»

ዮርዳኖስ አፏን ከፈተች። ልትናገር ነው። በዚህ መሃል እናቷ ፀጉሯን ነካ አደረገቻት።

«ይቺን ማስያዣ እኮ እስካሁን አልጠየቅኩሽም። ከየት ናት?»

«ምራቂ ናት።»

«ምን ብትገዢ ነው እንዲህ ያለ ምራቂ የሰጠሽ?»

«እስክሪብቶ።»

«ተሻገር አብዷል ማለት ነው!» ብላ እናቷ ሳቀች። «በይ ነይ፣ አብረን እንሂድ።»

አሁን ብትናገር ምራቂው ስለምን እንደተሰጠ ይታወቃል። «እምዬ…» አለች።

«ምን?»

«ምንም። መዝሙር ጥናት አለኝ።»

እናቷ ጣሳውን ይዛ ወጣች። ዮርዳኖስም ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ወጣች። ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ገባች። ልጆቹ ተሰልፈው አገኘቻቸው። ሁሉ ሲያጨበጭብ እሷ ዝም ትላለች፤ ሁሉ ዝም ሲል እሷ ታጨበጭባለች። ቤቲ በክርኗ ወጋቻት። ከመዝሙሩ በኋላ ሁሉም ባንድነት አባታችን ሆይ ማለት ጀመሩ። «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ» ሲሉ የዮርዳኖስ ድምፅ ተቋረጠ።

የሚጢ የዕለት እንጀራ ምንድን ነው? ወተት አይደል?

ጸሎቱ እንዳበቃ ዮርዳኖስ ጫማዋን ሳታደርግ ወጥታ በረረች። «ምራቂ! የት ነው?» ብላ ቤቲ ብትጣራም አልሰማችም። በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ሥር አለፈች። ድንጋዩ እግሯን ይወጋታል። ከገበያ በሚመለሱ አህዮች መሃል ገባች። አንዱ ባለ አህያ «አንቺ ልጅ፣ ምን አሯሯጠሽ!» ብሎ ጮኸባት።

እትዬ አስካለ ቤት ስትደርስ ውኃው ፈልቷል። ጋሼ ይስማው፣ የመንታዎቹ አባት፣ ጣሳውን በጉልበቱ መሃል ይዞ በቢላ ሊከፍት ነው። ሚጢ እመቤት እቅፍ ላይ ሆና ታለቅሳለች።

«ጋሼ ይስማው፣ አይክፈቱት! አይክፈቱት!»

ሰው ሁሉ ደነገጠ።

«ምነው? እባብ አየሽ?» አለች እትዬ አስካለ ከአልጋዋ ቀና ብላ።

«ወተቱ አልፎበታል!»

ጋሼ ይስማው ጣሳውን ገለበጠ። ቁጥሩን አነበበና ሣቅ አለ። «ገና ሰባት ዓመት አለው። አይ ልጅ! አምስተኛ ክፍል ደርሰሽ መቁጠር ጠፋሽ?»

እናቷ በኀፍረት ቀላች። «ዮርዳኖስ! ሰው ፊት ያመጣሁትን ስጦታ ታዋርጂብኛለሽ? ዞር በይ!»

«እምዬ በፈረንጅ ነው። ጋሼ፣ ስልክዎን ያውጡት እስኪ። ቀኑ ስንት ይላል?»

ጋሼ ይስማው ባለ ቁልፏን ትንሽ ስልክ ከኪሱ አወጣ። «እሱንስ ተይው። የዚህ ስልክ ቀን ከገዛሁት ጀምሮ ብልሽት ነው። ይኸው፣ 2026 ይላል።»

«አልተበላሸም ጋሼ። ስልክ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እምዬ፣ ያንቺስ?»

እመቤት የራሷን አየች። «2026» አለች ቀስ ብላ።

ጋሼ ይስማው አንዴ ስልኩን አየ፤ አንዴ ጣሳውን አየ። ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሚጢ አሁንም ታለቅሳለች።

ከዚያ እትዬ አስካለ እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች። «ተመስገን አምላኬ! ልጆቼን አተረፍሽልኝ እኮ! እመቤት፣ ይቺን ልጅ ያሳድግልሽ! ነይ ልሳምሽ የኔ አስተዋይ!»

«ወይ ጉብዝና!» አለ ጋሼ ይስማው። «እኛ ሽማግሎቹ ስንታወር ልጅ አየልን። ለመሆኑ እዚህ ጣሳ ላይ ያለውን እንዴት አወቅሽ? ከሩቅ እየሮጥሽ መጥተሽ!»

ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ምስጋናው እንደ ማር ጣፋጭ ነው። «ቅድም ቤት አየሁት» ብትል ሁሉም ያምናታል። ጀግና ሆና ትቀራለች። ይህኛው ፈተና ከፊተኛው የባሰ ነበር።

ዮርዳኖስ ግን መሬት መሬት እያየች «ሰኞ ነው ያወቅሁት» አለች። «ሱቅ ውስጥ አየሁት። ለጋሼ ተሻገር ነገርኳቸው። ለማንም አትንገሪ ብለው ማስያዣ ሰጡኝ። ተቀበልኩ። ዝም አልኩ።»

«እኔ ስጠቀልለው ቆመሽ እያየሽኝ?» አለች እናቷ።

«አዎ እምዬ።»

እመቤት ሚጢን ለእናቷ መለሰች። ጣሳውን አነሣች። «ተነሺ፣ እንሂድ» አለች። በመንገድ አልገሠጸቻትም፤ አልመታቻትም። ዮርዳኖስ በልቧ «ምነው በመታችኝ» አለች።

ሱቁ ገና ሰው አለበት። እመቤት ጣሳውን ባንኮኒው ላይ አኖረችው።

«ተሻገር፣ ዕቃህን ተረከብ።»

ጋሼ ተሻገር ዮርዳኖስን ባየ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። «ገንዘብሽን እመልሳለሁ። ቀስ በይ እመቤት፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! ሰው እንዲሰማ አይደል የመጣሁት! ነገ ከነገ ወዲያ ክርስትና የማነሣትን ልጅ በእጄ ልታስገድለኝ ነበር!»

«ላወርደው ነበር እኮ። ገበያው ሲደምቅ ሰው ጠየቀኝ… አንዴ ተሳሳትኩ።»

«አንዴ? ሌላኛው ጣሳ የት አለ? የገዛችው ሴት ማናት?»

ጋሼ ተሻገር ግንባሩን ጠረገ። «አላውቃትም። ምስር ሸጣ የመጣች ናት። ጥቁር አህያ ነበራት። ለልጅ ልጄ ነው ስትል ሰምቻለሁ።»

«አገሯስ?»

«አልጠየቅኋትም።»

ዮርዳኖስ ማስያዣውን ከፀጉሯ ፈታችና ከጣሳው አጠገብ አስቀመጠችው። ከዚያ በሩጫ ወደ ገበያው ወረደች። እናቷም ተከተለቻት። ገበያው ግን እየተበተነ ነው። አቧራው ተነሥቷል። ሰው በየአቅጣጫው ይሄዳል፤ ወደ እስቴም፣ ወደ ጋይንትም፣ ወደ ቆላውም።

«እማማ፣ ጥቁር አህያ ያላት፣ ምስር የሸጠች ሴት አይተዋል?» ብላ ዮርዳኖስ አንዲት አሮጊትን ጠየቀች።

«የኔ ልጅ፣ ከዚህ ሁሉ አህያ የቱን ልንገርሽ? ይኸው የኔም ጥቁር ነው!»

ወደ አንዱ መንገድ ሮጠች። ተመለሰች። ወደ ሌላው ሮጠች። የሁሉም አህያ ጥቁር መሰላት። አንድ ቤት ውስጥ፣ ስሙን በማታውቀው አገር፣ አንድ ሕፃን ያንን ወተት ሊጠጣ ነው። ማንም አያውቅም። የምታውቀው እሷ ናት። መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አለቀሰች።

እናቷ እጇን ይዛ ወደ ቄስ ክንዱ ወሰደቻት። ቄስ ክንዱ የነፍስ አባታቸው ናቸው። ነገሩን ሁሉ ሰሙ። ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉ።

«በሬ ሲጠፋ ምን እናደርጋለን? ቅዳሴ ሲያበቃ ለሕዝቡ እንናገራለን። ሕዝቡ ወደየአገሩ ይዞት ይሄዳል። በሬው በማን ማሳ እንደገባ ይታወቃል። ይህም እንደዚያው ነው። ነገ ይነገር።»

«እርስዎ ይናገሩልን አባ» አለች እመቤት።

«እኔ ምን አይቼ?» አሉ ቄስ ክንዱ። ወደ ዮርዳኖስ ዞሩ። «በሬ የጠፋበት ሰው ራሱ ነው ምልክቱን የሚናገር።»

እሑድ ቅዳሴው አበቃ። ሕዝቡ በግቢው ዛፍ ሥር ቆመ። ዮርዳኖስ ከደረጃው ላይ ወጣች። ቤቲ አለች። የክፍሏ ልጆች አሉ። መምህርት ምሥራቅም ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች።

«ትናንት በገበያ ጊዜው ያለፈበት የሕፃን ወተት ተሽጧል» አለች። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

«አልተሰማም!» አለ አንድ ሽማግሌ ከኋላ።

ጮክ አለች። «ከጣሳው ሥር 2025 ይላል። በፈረንጅ ስለሆነ አልፎበታል። የገዙት ጥቁር አህያ ያላቸው፣ ምስር የሸጡ እናት ናቸው። ለልጅ ልጃቸው ነው። እኔ ሰኞ አውቄ ነበር። ስጦታ ተቀብዬ ዝም አልኩ። እባካችሁ፣ ሕፃኑ ሳይጠጣው ንገሩልኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። «ሻጩስ ማነው?» አለ ያው ሽማግሌ።

ከወንዶቹ መሃል አንድ ሰው ወደ ፊት ወጣ። ጋሼ ተሻገር ነው።

«እኔ ነኝ» አለ። «ልጅቷ ነገረችኝ። እኔ አፏን ዘጋሁት። የገዛችው እናት ትምጣ። ገንዘቧን እመልሳለሁ፤ ማሳከሚያም ካስፈለገ እችላለሁ። እናንተም ከኔ የገዛችሁትን ዕቃ ሁሉ አምጡና ቀኑን አብረን እንየው።»

ወሬው ከሕዝቡ ጋር ሄደ። ሰኞ መልስ የለም። ማክሰኞም የለም። ዮርዳኖስ የአህያ ኮቴ በሰማች ቁጥር ወደ በር ትወጣለች። ከትምህርት ቤት መልስ ሚጢን ታቅፋ ያንን የማታውቀውን ሕፃን ታስባለች። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አታውቅም። «ጌታ ሆይ፣ ሳይጠጣው አድርሰው» እያለች ትጸልያለች።

ቅዳሜ ማለዳ ገበያው አፍ ላይ ቆመች። ሰው ገባ። አህያ ገባ። ፀሐይ ወጣች። በመጨረሻ አንዲት ሴት ጥቁር አህያ እየነዳች መጣች። በእጇ ጣሳ ይዛለች። ጣሳው ተከፍቷል።

ዮርዳኖስ ፊቷ ቆመች።

«ምን ሆንሽ ልጄ? አሳልፊኝ እንጂ» አለች ሴትዮዋ።

«እማማ… ሕፃኑስ?»

ሴትዮዋ አተኩራ አየቻት። «በቤተ ክርስቲያን የተናገረችው ልጅ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ ነበር ያወቅሽው?»

«ሰኞ።»

«እኔ ቅዳሜ ነው የገዛሁት።»

«አዎ እማማ።»

ሴትዮዋ የአህያዋን ገመድ በእጇ ጠቀለለች። «እናቱ ለሥራ ርቃ ሄዳ ለኔ ትታልኝ ነው። እሑድና ሰኞ ሰጠሁት። አስመለሰው፤ ሆዱ ተነፋ፤ ዓይኑን መክፈት አቃተው። አዝዬው ጤና ጣቢያ አደርኩ። ቀድመሽ ተናግረሽ ቢሆን ልጁ አይታመምም ነበር።»

ዮርዳኖስ እንባዋ ወረደ። እግሯ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። ሴትዮዋ ግን በክንዷ ይዛ አቆመቻት።

«ቆዪ፣ አልጨረስኩም። እኔ ከምን እንደታመመ አላወቅሁም። ከሰው ዓይን ነው ብዬ ነበር። ስመለስ ይሄንኑ ወተት ልጨምርለት ነበር። ማክሰኞ ከዚህ ከተማ የመጣ ሰው ያንቺን ቃል ይዞ ደረሰ። ያን ጊዜ አቆምኩ። ዝም ብለሽ ቀርተሽ ቢሆን ዛሬ ልጁ አይኖርም ነበር። ትናንት ሣቀልኝ።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ።»

«ይቅር ለእግዚአብሔር። አልቅሰሽ ስታበቂ ወደዚያ ሱቅ አብረሽኝ ግቢ። ዘይት እገዛለሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቀኑ የቱ ጋ እንደሆነ፣ አልፎ እንደሆነና እንዳልሆነ ታሳዪኛለሽ።»

ሁለቱ ገቡ። ጋሼ ተሻገር ከወንበሩ ተነሣ። ዮርዳኖስ የዘይቱን ዕቃ ገለበጠች። የሴትዮዋን ጣት ይዛ ቁጥሩ ላይ አሳረፈችው። ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እስኪሰማ ድረስም ጮክ ብላ አነበበችው።

ልጆቼ፣ ስትገዙ ዕቃውን ገልብጣችሁ እዩ፣ ሳትፈሩም ጠይቁ፤ ሰውን የሚጎዳ ነገር ያያችሁ ቀን ግን ለማንም ስጦታ ብላችሁ አንዲት ሰዓት እንኳ ዝም አትበሉ።